ጥንቅቅ ኩሬ ያጸዳ ጊዜ

ታናሽ ወንድሜን የሚያውቀው ሁሉ «ጥንቅቅ» ይለዋል። ጫማውን ሲያወልቅ ግራውና ቀኙ እኩል ካልቆሙ እንቅልፍ አይወስደውም። ሚስቱ «እኔንም ያገባኝ ቁመታችን ስለገጠመ ነው» ትላለች።

ሥራው የከተማው ፍሳሽ የሚጣራባቸውን ኩሬዎች መጠበቅ ነው። ኩሬዎቹ አራት ናቸው። በሦስቱ ላይ ማሽን ሲያጓራ ይውላል። አራተኛው ግን አርጅቶ ከተተወ ቆይቷል፤ ዳር ዳሩን ሸምበቆ ወርሶታል፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል። ብርድ ሲገባ፣ ውሃው በረዶ ከሚሆንበት ከሩቅ ሰሜን፣ ጭራቸው እንደ ወስፌ የሾለ የዱር ዳክዬዎች መጥተው እዚያ ያርፋሉ። አራት ወር ከርመው፣ አገራቸው ሲሞቅ ይመለሳሉ።

ወንድሜ መምጫ መሄጃቸውን በደብተር ይጽፋል። በስተርጅና ፊደል ስቆጥር መጀመሪያ አንብቤ የጨረስኩት ያንን ደብተር ነው። «ዛሬ መጡ። መቶ ሰማንያ ሁለት። አንዷ ታነክሳለች፤ ሌሎቹ ይጠብቋታል» ይላል። እኔ አንድ ወር ሙሉ አልጋ ላይ የዋልኩ ጊዜ የጻፈው «እትዬ አሟታል» ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ሥራ አስኪያጁ አራተኛውን ኩሬ በአፈር ደፍኖ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ተነሣ። ወንድሜ አቤት ሲል ከርሞ፣ በመጨረሻ አንዲት የወፍ ባለሙያ መጥታ እንድትቆጥር ተወሰነ። ከመቶ በላይ ዳክዬ ካገኘች ኩሬው ይተርፋል፤ ካላገኘች ይደፈናል።

ወንድሜ እህል አልበላ አለ።

«እትዬ፣ እነዚያ ስንት ባሕር አቋርጠው መጥተው መኪና ጣራ ላይ ሊያርፉ ነው?»

«ዘንድሮስ መጥተዋል አይደል?»

«መጥተዋል፤ መቶ ዘጠና አራት ናቸው። ግን ቤታቸውን አይተሽዋል? የተማረች ሰው መጥታ ያንን ጭቃ ትይ?»

ጥፋቱ የእኔም ነው። «እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል» አልኩት።

ቅዳሜና እሑድ ሦስታችንም ቦቲ አድርገን ወረድን። እሱ ሸምበቆውን አጨደ፣ ጭቃውን በአካፋ ዛቀ። ሚስቱ አረንጓዴውን ዝቃጭ በወንፊት ገፈፈች። እኔ ዳር ተቀምጬ አዛዥ ሆንኩ። የወጣውን ሁሉ በእጅ ጋሪ እየገፉ ከአጥሩ ጀርባ ካለው ቦይ ደፉት። ዳክዬዎቹ ግርግራችንን ሸሽተው ብድግ አሉ። ወንድሜ ባርኔጣውን አውልቆ «ለጽዳት ነው፤ ነገ ትገባላችሁ» አላቸው።

ሰኞ ጠዋት ኩሬው መስታወት መስሏል። ቅጠል የለበት፣ አረፋ የለበት፣ ዳክዬ የለበት።

ባለሙያዋ ባለሦስት እግር የሩቅ ማያ መነጽሯን ተክላ ዙሪያውን አየች። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ ቆሞ ጥርሱን መክደን አቅቶታል።

«የት አሉ?» አለች።

«አሁን ነበሩ» አለ ወንድሜ።

«መቼ አሁን?»

«አርብ።»

«ሸምበቆውን ማን አጨደው?»

«እኔ ነኝ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «እርስዎ ይመጣሉ ስላሉኝ አሳመርኩት።»

«አባቴ፣ ያጸዱት እኮ ምሳቸውን ነው! የሚበሉት ጭቃው ውስጥ ያለውን ዘርና ትል ነው። የሚሸሸጉት ሸምበቆው ውስጥ ነው። ምን ሊያደርጉ ይቀመጡ?»

የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ። ላምር ብላ ስትኳል ዓይኗን አጠፋች እንደሚባለው ሆንን። እኔም ወዴት እንደምገባ ጠፋኝ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አይቶ «እንግዲህ ዜሮ ብለው ይጻፉልን» አለ።

ይሄኔ የወንድሜ ሚስት «ቆይ!» አለች። «ምሳቸው ከሆነ፣ ምሳውን የደፋንበት ቦታ አይታይም?»

አጥሩን ዞርን። ቦዩ ጠቁሯል። ዳክዬዎቹ በደፋነው ክምር ላይ ጭራቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ አንገታቸውን ጭቃ ውስጥ ቀብረው ይበላሉ።

ባለሙያዋ ቀስ ብላ ቆጠረች። «መቶ ዘጠና አንድ። ከበቂ በላይ ነው።»

«አይበቃም» አለ ወንድሜ። «ሦስት ይቀራሉ።»

«አንተ ሰው፣ አለፍክ ተብለሃል!» አለች ሚስቱ ክንዱን ቆንጥጣ።

«ይቀራሉ አልኩ እኮ!»

እንደገና ተቆጠረ። መቶ ዘጠና አራት ሆነ። ባለሙያዋ ከት ብላ ሳቀችና ወረቀቷ ላይ ሁለት መስመር ጻፈች፤ ኩሬው አይደፈንም፣ ከእንግዲህም አይጸዳም። ሁለተኛውን ስትጽፍ ያየችው ወንድሜን ነበር። «ሸምበቆው ሥሩ አለ፤ ራሱ ይበቅላል። ጭቃውን ግን ዛሬውኑ ይመልሱ» አለችው።

መመለሱ ከማውጣቱ ባሰ። ወንድሜ አንድ አካፋ ጭቃ በጣለ ቁጥር በአካፋው ጀርባ ይደለድለዋል።

«አትደልድለው!» ትጮኻለች ሚስቱ። «ዝም ብለህ ጣለው!»

«እንዴት ዝም ተብሎ ይጣላል?»

«ዓይንህን ጨፍን!»

ጨፍኖ ወረወረ። ግማሹ እኔ ላይ አረፈ።

ሐሙስ ማለዳ ዳክዬዎቹ አንድ ሳይቀሩ ገቡ። ወንድሜ በአንድ እጁ እየጠቆመ ሲቆጥር፣ ጠማማ ቅጠል አይቶ እንዳይለቅም ሌላኛውን እጁን ሚስቱ ጥርቅም አድርጋ ይዛው ነበር።