ፖለቲካ ፈርቼ ገና ጨዋታ ላይ ወደቅኩ

ልጄ ታሪክ ነው የምታጠና። እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳልጨርስ የቀረሁ ሴት ነኝ። ታሪክ የሞተ ሰው ነገር ነው፣ የሞተ ሰው ደግሞ አይከስስም ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ለካስ የሞተ ሰው ሁሉ የልጅ ልጅ አለው።

በጥቅምት ከዩኒቨርሲቲ ወደ አገራችን እስቴ መጣችና «እማ፣ ሽማግሌዎችን ሦስት ነገር ነው የምጠይቀው፤ ማን ገዛ፣ ማን ተዋጋ፣ ምን ተጫወቱ» አለችኝ። የገዛውን ብትጠይቅ ትታሰርብኛለች፤ የተዋጋውን ብትጠይቅ የደረቀ ደም ትቀሰቅሳለች። ቀደም ብዬ ሽማግሌው ጎረቤታችን ዘንድ ሮጥኩ።

«አባባ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ስለ ገና ጨዋታ ብቻ ያውሯት!»

«ስለ ገና ብቻ?»

«ስለ ገና ብቻ!»

ቃላቸውን ጠበቁ። እኛ ግቢ ተቀምጠው፣ ልጄ ስልኳን ደቅናላቸው፣ ስለ ቆልማማው ዱላ፣ ስለ እንጨቷ ኳስ፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ቅልጥም ለቅልጥም እንዴት እንደሚፋለጡ አወሩላት። እኔም ድንቼን እየላጥኩ ልቤ ረጋ። ከዚያ የስድብ ግጥሙ ተራ መጣ። በገና ጨዋታ ጌታ ቢሰደብም አይቆጣም፤ ደንብ ነው። እኔ ሞኟ ይህን ረስቼው ነበር! ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፤

«ጭቃ ሹሙ ሲፈርድ፣ ዋርካ ስር ተኮፍሶ፣
በጉን አርዶ በላ፣ ፍየሉ ተከሶ»

አሉ።

«ማንን ነው?» አለች ልጄ፣ ዓይኗ በርቶ።

«የአሁኑን የቀበሌ ሊቀመንበራችንን አያት ነዋ!»

ከአጥሩ በኩል ሳል ተሰማ። ሊቀመንበሩ ለማዳበሪያ ሊመዘግቡ ቤት ለቤት እየዞሩ ኖሯል።

«ማን ነው በግ የበላው?» አሉ ገባ ብለው።

«ገና ነው ጌታዬ፣ በገና አይቆጡም» አሉ ሽማግሌው።

«የምን ገና? ጥቅምት ነው እኮ!»

እውነታቸውን ነው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የሽማግሌውን ከዘራ ነጥቄ፣ «ገና ነው!» ብዬ ጮኼ፣ አንዷን ድንች መታኋት። በረረችና የሊቀመንበሩ ቅልጥም ላይ አረፈች።

«እማ!» አለች ልጄ።

«ገባች!» አሉ ሽማግሌው።

ሊቀመንበሩ እግራቸውን እያሹ ወደ ልጄ ዞሩ። «ያ ስልክ ይቀዳል?»

«አዎ» አለች፣ ያውም ሳትፈራ።

«እንግዲያው ቅጂ። ጾም ነበር፤ አያቴ በጉን አልቀመሱም። የበሉት የእኒህ ሰውዬ አባት ናቸው። ግጥሙንም ያወጡት ጠግበው ነው!»

«ጾም የገደፈ ሰው ግጥም አይመጣለትም!» አሉ ሽማግሌው፣ ከዘራቸውን ከእጄ እየመነጨቁ።

ስለ አንድ በግ እስኪደክማቸው ተከራከሩ። ሊቀመንበሩ ሲወጡ ታዲያ ልጄን «ነገ ቢሮ ነይ» አሏት።

ጠዋት በሶ አሽቼ፣ ውሃ በጀሪካን፣ አዲሱን ጋቢዬን ጠቅልዬ፣ ለታሳሪ የሚያዘውን ስንቅ ሁሉ ተሸክሜ ተከተልኳት። ብንደርስ ሊቀመንበሩ ደብዳቤ ላይ ማኅተም እየመቱ ነው፤ የሌሎቹ ቀበሌዎች ሽማግሌዎችም እንዲተባበሯት የሚል። ቀና ብለው እቅፌን አዩት።

«ይሄ ሁሉ ስንቅ ለማን ነው?»

«ለእርስዎ ነው» አልኩ።

«ጋቢውም?»

ምን ልበል? «ጋቢውም» አልኩ።

በሶውን እዚያው ለሦስት በላነው። ልጄ ደብዳቤዋን ይዛ ወደ ጎረቤት ወረዳ ስማዳ ተሻገረች፣ በሰላምም ተመለሰች። ጋቢዬ ግን ይኸው ሰንበት በመጣ ቁጥር ሊቀመንበሩ ትከሻ ላይ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ይስማል።