ነጠላዬን እንደዘቀዘቅሁ

ይህ የገጠመኝ ካቻምና በጾመ ፍልሰታ ነው። ነጠላ ባጣፋሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሽሮ ሜዳ ባለቤቴ ይሸምናል፣ እኔ እሸጣለሁ። ልጃችን አስቴር አረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ወርቅ ሰርቀሻል ተብላ ታሰረች። በኋላ ወርቁ እዚያው አሠሪዋ መኪና ውስጥ ተገኘ። እሷን ግን አልለቀቋትም። አብራት ታስራ የተፈታች ልጅ ደውላ፣ "መንግሥት ካልጠየቀላት ማንም አይፈታትም" አለችን።

ጉዳዩ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተመላለስኩ። የሚያስተናግደኝ ወጣት ከስልኩ ቀና አይልም። "እማማ፣ የሰው አገር ሕግ ነው። ማን ሂጂ አላት?" ይለኛል። አንድ ቀን ባለቅስ፣ "እዚህ ልቅሶ ቤት አይደለም" አለኝ።

ያን ዕለት ጠዋት ጎረቤታችን ተቀበሩ። ቀጠሮዬ እንዳያልፈኝ ከቀብሩ በቀጥታ ሚኒባስ ያዝኩ። ነጠላዬን ለሐዘን እንደዘቀዘቅሁት ነበር፤ ጥለቱ አንገቴ ላይ። ማቃናቱን ረሳሁት።

በር ላይ ጥበቃው ሳይፈትሸኝ ተነሳ። "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አለኝ። ጎረቤታችንን የት ያውቃቸዋል ብዬ ገረመኝ።

ስገባ ወጣቱም ብድግ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"መቼ ነው? እንዴት ኤምባሲው ሳይነግረን?" አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ኃላፊዋ ክፍል ሮጠ። "ያቺ የታሰረችው ልጅ ሞታለች! እናቷ መጥተዋል" ሲል ሰማሁት።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እነሱ ያወቁትን እኔ ገና የሰማሁ መሰለኝ። "እመቤቴ" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ኃላፊዋ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። "አይዞዎት እናቴ። አስከሬኗን እናስመጣለን። ዛሬውኑ የዚያ አገር አምባሳደር እንዲጠራ አደርጋለሁ።"

"መሞቷን ማን ነገራችሁ?" አልኳት።

"እርስዎ... ነጠላዎን አይተን እኮ ነው።"

"እኔ ጎረቤት ቀብሬ ነው የመጣሁት።"

ወጣቱ ጮኸብኝ። "ታዲያ እንዲህ ሆነው ቢሮ ይመጣሉ እንዴ? አስደነገጡን እኮ!"

ተነሳሁ። ነጠላዬን አቃናሁ።

"ለአስከሬኗ አምባሳደር የሚጠራ ከሆነ፣ በሕይወት እያለች ለምን አይጠራም?" አልኩ።

ኃላፊዋ ወጣቱን ፋይሉን እንዲያመጣ አዘዘችውና፣ በሩን ሳትዘጋ፣ እኔ እየሰማሁ ለበላዮቿ ደወለች። ተቆጥታ ነበር የምታወራው። አምባሳደሩ ተጠሩ፤ እንድትፈታ እሺ እስኪሉም ደጋግመው ተጠሩ። አስቴር ለመስቀል ደረሰችልን።

እግዚአብሔር ይመስገን። የዚያችን ሴት ስም በጸሎቴ ሳላነሳ አልተኛም። ወጣቱን የንስሐ አባቴ ይቅር በይው ይሉኛል። እየሞከርኩ ነው።

አሁን ከቀብር ስመለስ አስቴር ደጅ ወጥታ ትጠብቀኛለች። ነጠላዬን በእጇ ሳታቃናልኝ ወደ ቤት አታስገባኝም።