አካፋው የማን ነው

በኦክላንድ ኤርፖርት፣ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ መንገደኛ የሚያመላልሰውን ሚኒባስ መንዳት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ስለዚህ ስለ ኤርፖርት ሰው ሲያስተምረኝ ደስ አይለኝም። ላፕቶፕ መቼ እንደሚወጣ፣ ውኃ የት እንደሚደፋ፣ የትኛው ሰልፍ ቶሎ እንደሚሄድ ለመንገደኞቼ የምነግራቸው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ የማውቀው ከበሩ ውጭ ሆኜ እንደሆነ ግን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። እኔ ራሴ አውሮፕላን የተሳፈርኩት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው።

ባለፈው ፌብሯሪ ሶልት ሌክ ሲቲ የሚኖረው ወንድሜ ሚስት ወለደችና አራስ ልጠይቅ ተነሳሁ። ልጄ ይህን ስትሰማ «እኔም እኮ በዚያው ሳምንት እዚያ ነኝ» አለችኝ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ኩፐርቲኖ ትሠራለች፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ከሥራ ጓደኛዋ ጋር ተራራ ላይ የሦስት ቀን ኮርስ አላቸው። የምን ኮርስ ብላት «ስኪ» አለች። ስኪ አውቃለሁ፤ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ያሸበረቀ ልብስ ለብሰው ቁልቁል ይወርዱና ትኩስ ቸኮሌት ይጠጣሉ። ትኬታችንን አንድ ላይ ቆረጥን።

በዋዜማው ከሥራ ስገባ ዕቃዋን ሳሎን ወለል ላይ ዘርግታዋለች። እጀታው የሚነቀል አካፋ አየሁና ምንድን ነው አልኳት።

«ለመኪናው ነው፣ እማ። ስኖው ለመጥረግ።»

ተጣጥፎ የታሰረውን ረጅም ዘንግ ሳነሳ «ፖል ነው» አለች። ስልክ የሚያህለውን፣ ማንገቻ ያለውን መሣሪያ ደግሞ «ኢትስ ላይክ ኤ ሬዲዮ» አለችኝ። ሦስቱንም አመንኩ። ለምን ከትልቁ ሻንጣ ጋር እንደማታስጭነው ስጠይቃት፣ ሻንጣው ከጠፋ ኮርሱም ይቀራል አለችና ሁሉንም በጀርባ ቦርሳዋ ከተተችው። የኤርፖርቱን ደንብ አንብባለች፤ አትማም ይዛዋለች። እንኳንም የኔ ልጅ ሆነች አልኩ በሆዴ።

እሷ ሻወር ስትገባ ተራው የኔ ሆነ። ስንቅ ሳልቋጥርላት መንገድ ወጥታ አታውቅም። በቅቤ ያሸሁትን በሶ ጥርብ ድንጋይ አስመስዬ በፎይል ጠቀለልኩት። ቦርሳው ጢም ብሎ ሞልቶ ኖሮ፣ ልኩ ሆኖ ያገኘሁት ቦታ ከዚያ ሬዲዮ ጎን ብቻ ነበር። ሁለቱ ከሌላው ዕቃ ጋር እየተጋጩ እንዳይበላሹ አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አገኘሁና እሱ ውስጥ አብሬ ከተትኳቸው። በሥራዬ በጣም ኮራሁ።

ጠዋት ጓደኛዋ ቀድማን ፍተሻውን አልፋ መሳፈሪያው በር ላይ እየጠበቀችን ነበር። እኔ ሻሼን ዳብሰው አሳለፉኝ። የልጄ ቦርሳ መፈተሻው መሣሪያ ውስጥ ገባ፤ ዕቃ የሚገፋው ቀበቶ ቆመ፤ ወደኋላ ተመለሰ፤ እንደገና ቆመ። ስክሪኑን የሚያየው ሰውዬ ሌላ ሰው ጠራ። ሁለት ሆነው ማየት ሲጀምሩ ነገር እንዳለ ከመንገደኞቼ ሰምቻለሁ።

ነጭ ጢም ያለው ፈታሽ ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ አወጣው። ልጄ ሳትደነግጥ የታተመውን ደንብ አወጣች። ሰውዬው ግን ስለ አካፋው አልጠየቃትም፤ እጁን አስገብቶ ካልሲውን መዘዘ።

«እማ፣ ዋት ኢዝ ዚስ?»

«በሶ ነው።»

«ከቢከኑ ጋር? በካልሲ?» ያንን ሬዲዮ ያለችኝን ዕቃ ማለቷ ነው።

«እንዳይንገላታብሽ ብዬ ነው።»

ልጄ ዓይኗን ጨፈነች። ሰውዬው ወደኔ ዞረ። ባርሊ ነው፣ በተር አለበት፣ ይበላል አልኩት። አሸተተው። በቁራጭ ጨርቅ ጠረገውና ጨርቁን ፈንጂ የሚለይ መሣሪያ ውስጥ አስገባው፤ መሣሪያው ዝም አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ቦርሳው አንዴ ተከፍቷልና ሰውዬው እያንዳንዱን ዕቃ እያነሳ ምንነቱን ይጠይቅ ጀመር። ለፈታሽ ደግሞ ትንሽ ትንሽ እውነት አይነገርም፤ ልጄ እጆቿን አጣምራ አንድ በአንድ አስረዳችው።

ሬዲዮ የተባለው፣ የበረዶ ናዳ ሰው ሲቀብር የተቀበረው የት እንዳለ የሚጠቁም ነው። ዘንጉ በረዶውን እየወጉ ሰውነት የሚፈለግበት ነው። አካፋው ቆፍሮ ለማውጣት ነው። ቶሎ ካልተደረሰ አየር ያልቃል። ይህን ሁሉ በጠራ እንግሊዝኛ ስትናገር እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ሳሎኔ ውስጥ ተደብቆኝ ያደረው ነገር በፈታሽ ፊት ተዘረገፈ።

ሰውዬው አካፋውን አገላብጦ አየና፣ ማሳለፍ አለማሳለፉ የኃላፊው ፈንታ ነው አለ። እዚህ ላይ ያደረግኩትን ዛሬ ስናገረው ይስቁብኛል። ጠጋ አልኩና «ሰር፣ ቬሪ ሻርፕ» አልኩት። ጫፉንም በጣቴ አሳየሁት። «ውሰዱት። እኛ ምንም አንልም።»

ልጄ በዚያ ዓይን አይታኝ አታውቅም። ሰውዬው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየና አብረን የምንጓዝ መሆናችንን ጠየቀ። ኃላፊዋ መጣች፤ ጫፉን ዳሰሰች፤ እንደኔ ሹል አልሆነባትም። አካፋውንም በሶውንም መለሱልን።

ወደ በራችን ስንሄድ አፌ አላረፈም። ልትቀበሪ ነው እንዴ ገንዘብ ከፍለሽ የምትሄጂው፣ ወንድሜ ቤት ትቀመጫለሽ፣ ሕፃን ታቅፊያለሽ አልኳት። ከንዴቴ ፍርሃቴ ይብስ ነበር፤ ዕንባዬም አመለጠኝ። ልጄ መሀል ላይ ቆመች። ያልነገርኩሽ እንደዚህ እንደምትሆኚ ስለማውቅ ነው፤ ኮርሱ ከናዳ እንዴት መራቅ እንደሚቻል የሚያስተምር ነው አለች፣ በእንግሊዝኛ። ከዚያ በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ተናገረች።

«አትሂጂ ካልሽኝ አልሄድም። እያለቀስሽ ትቼሽ አልሄድም።»

የፈለግኩትን አገኘሁ። ግን ምንም ደስ አላለኝም። ፊቷ ላይ የነበረው ኩርፊያ ቢሆን እችለው ነበር፤ ኩርፊያ አልነበረም።

ጓደኛዋ በሩ አጠገብ ተቀምጣ አገኘናት። የሳን ሆዜ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ከቬትናም ናቸው። ልጄ የሆነውን ነገረቻትና ጓደኛዋ በበሶው ታሪክ ሳቀች። እኔ ግን ክንዷን እያየሁ ነበር። ሚጢጢ ናት፤ ከነጫማዋ ትከሻዬ አትደርስም።

«ልጄ ብትቀበር የሚያወጣት ማነው?» አልኳት።

«እኔ» አለች።

«በምን?»

ቦርሳዋን ከፍታ የራሷን አካፋ አሳየችኝ። አካፋ ለራስ አይያዝም አለችኝ። የተቀበረ ሰው ጀርባው ላይ ያለው አካፋ ምንም አያደርግለትም። «ይሄ ለልጅሽ ነው። በሷ ቦርሳ ያለው የኔ ነው።»

ነገሩ ቀስ ብሎ ገባኝ። ቅድም በጣቴ እያሳየሁ ውሰዱት ያልኩት የልጄን አደጋ መስሎኝ ነበር። ያን ያህል የለመንኩት ግን ይቺን ፊቴ ያለችውን ልጅ ያለ አውጪ እንዲያስቀሯት ነበር። አፈርኩ። ማፈሬንም ነገርኳት፤ ልጄ ተረጎመችልኝ። ጓደኛዋ ምንም አይደለም ብላ በሶውን ቆርሳ ቀመሰች፤ ሁለተኛም ቆረሰች።

እኔ ግን በ«ምንም አይደለም» የምለቅ ሴት አይደለሁም። እጇን ያዝኩና «ልጄን አደራ» አልኳት። ልጄ ይህን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ተቸገረች። ሰው ዕቃውን ወይም ልጁን ሌላ ሰው እጅ ላይ ሲያኖር የሚለው ነው አለቻት፤ የተቀበለው ሰው ደግሞ የራሱ ከሆነው ይልቅ ይጠብቀዋል፣ ቢጠፋ አልሰማሁም ማለት አይችልም። ጓደኛዋ መሳቋን ትታ አዳመጠች። እጇን ከእጄ አላወጣችም።

«እናቴ ልታናግርሽ ትችላለች?» አለችኝ። «ልጅሽን አይታት አታውቅም። አንድ ሳምንት ሙሉ ስለሷ እየጠየቀች ነው።»

ደወለችና ስልኩን ሰጠችኝ። ሴትዮዋ ሳን ሆዜ ዳቦ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ከኋላዋ የትሪ ኳኳታ ይሰማል። እንግሊዝኛዋ እንደኔው ነው፤ የጎደለውን አድማጭ ይሞላዋል። ሰላምታ አላበዛችም።

«ያንቺ ልጅ፣ ጠንካራ ናት?» አለችኝ። «መቆፈር ትችላለች?»

ልጄን ቀና ብዬ አየኋት። የአስቤዛ ከረጢት ሁለት ፎቅ ስታወጣ የምትነጫነጭ ልጅ ናት። ትኬቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ የሴትዮዋን ጥያቄ ሰምታለች፤ የምመልሰውን እየጠበቀች ነው። አይ ብል አንዲት እናት ሳን ሆዜ ላይ እንቅልፍ ታጣለች። አዎ ብል ደግሞ ልጄን በራሴ አፍ ሸኘኋት ማለት ነው።

«ጠንካራ ናት» አልኩ። «ያንቺን ልጅ ታወጣልሻለች።»

ሴትዮዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና በእጅጌዋ ጠረገችው።