ከግድቡ ግርጌ የፈለቀው ምንጭ

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ግድቡን በመፈለግ አለቀ። ከሊሙ ገነት በባጃጅ ወጥቼ፣ መንገዱ ሲያልቅ በእግሬ ሄጄ፣ ሣር የለበሰ ረጅም ጉብታ ላይ ወጣሁ። ላሞች ይግጣሉ። ወደ ግራ ባይ ግንብ የለም፣ ወደ ቀኝ ባይ ከአንዲት ኩሬ በቀር ውሃ የለም። አንድ በሬ የሚነዱ ሽማግሌ መጡና «አባባ፣ ግድቡ በየት በኩል ነው?» አልኳቸው።

እግሬን አዩት፣ ፊቴን አዩት። «ታዲያ የቆምሽበት ምንድን ነው?» አሉኝ።

አባ ተማም ይባላሉ። ከግድቡ በታች ያለው የመጀመሪያው ቤት የእሳቸው ነው። የዚያን ዕለት ቀልደውብኝ ሲያበቁ ቤታቸው ወስደው ምሳ አበሉኝ።

እኔ የማውቀው ግድብ ውሃ የሚያጠራቅም ነው። ይኼኛው ባዶ ሆኖ እንዲኖር የተሠራ ነው። ከላይ ከኮረብታው የሚወርደውን ጎርፍ ለጊዜው ያዝ ያደርግና በታችኛው ቱቦ ቀስ እያለ ይለቀዋል። መንደሩም የቡና መፈልፈያውም ከጎርፍ የሚተርፉት በዚህ ነው። በበጋ ግድቡ ውስጥ የሚቀረው ከቱቦው አፍ ዝቅ ብላ የተኛች ኩሬ ብቻ ናት። ዱራሜ ላለችው እናቴ ይህንን በስልክ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። «ባዶ ከሆነ ምኑን ነው የምትጠብቂው?» አለችኝ።

የሥራ መደቤ የግድብ ክትትል ቴክኒሽያን ነው። መንደሩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ኢንጂነር» አለኝ፤ «አይደለሁም» ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ሥራዬ በግድቡ አናት እየሄድኩ ስንጥቅ መፈለግ፣ የፍልፈል ጉድጓድ መድፈን፣ ሥር የሚሰድ ቁጥቋጦ መንቀልና ከብት ማባረር ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከግርጌው የሚወጣውን ውሃ መለካት ነው። የአፈር ግድብ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ያልበዋል። ያ ላብ በባለሙያ አፍ ስርገት ይባላል። በጠባብ ቦይ መጥቶ መሐሉ በሦስት ማዕዘን በተቆረጠ ብረት ላይ ያልፋል፤ የውሃው ከፍታ ሲለካ መጠኑ ይታወቃል።

ኃላፊዬ አቶ ደምሴ ጅማ ነበር የሚቀመጡት። ሲያሰማሩኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ቢጨምር ደውዪልኝ። ቢደፈርስ ግን እየሮጥሽ ደውዪልኝ። የጠራ ውሃ እንግዳ ነው፣ ገብቶ ይወጣል። የደፈረሰ ሌባ ነው፣ አፈር ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ሌባው ከቆየ ግድቡ ውስጡ ይቦረቦርና አንድ ቀን ይናዳል።»

ይህንን ይዤ ሥራ ጀመርኩ። ችግሩ መለኪያው መላ ቅጡ የጠፋ መሆኑ ነው። ዝናብ ጥሎ ኩሬው ከፍ ሲል ስርገቱ ይቀንሳል። ፀሐይ ሲሆን ይጨምራል። ዓርብ ዓርብማ ብረቱ ላይ የሚያልፈው ውሃ ክር አያክልም። ብረቱ ተጣሞ ይሆን ብዬ አቃናሁት። ቦዩን ጠረግኩ። እንደገና ዓርብ መጣ፣ እንደገና ጠፋ።

«አቶ ደምሴ፣ ግድቡ ዓርብ ዓርብ አያልበውም» አልኳቸው በስልክ።

«አሞሻል እንዴ?» አሉኝ።

ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ በተማርኩት ሁሉ ውስጥ ሳምንት የሚቆጥር ግድብ አልነበረም። እሁድ ቸርች ሄጄ ጸለይኩበት፤ አልዋሽም። በጸሎት ብቻ ግን አልተውኩትም፤ ዓርብ ሲመጣ ቀድሜ ሄጄ ቦዩ ዳር ተቀመጥኩ። ረፋዱ ላይ ወንዶች ማንቆርቆሪያ ይዘው በቁጥቋጦው መሐል አለፉ። ተከተልኳቸው። ከብረቴ በላይ፣ ልክ በግድቡ እግር ላይ፣ በድንጋይ የተካበ ያማረ ጉድጓድ አለ። ውሃው በቀርከሃ አሸንዳ ይወርዳል። ዙሪያው ተጠርጓል። አባ ተማም ለጁምዓ ሶላት እግራቸውን ይታጠባሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ቡርቃ ነዋ፣ ልጄ። ምንጭ። ግድቡ በተሠራ ማግሥት ክረምት አላህ ሰጠን።» በኩራት ነው የሚያሳዩኝ። «ምንጭ ሲገኝ ዝም አይባልም፤ መጥረግ ሰደቃ ነው። ሲያንስብን ጠለቅ አድርገን እንቆፍራለን። ፀሐይ ሲሆን ይደረጋል፤ በዝናብ ሰው አይቆፍርም።»

ፀሐይ ሲሆን የሚጨምረው ስለሚቆፍሩ፣ ዓርብ የሚጠፋው ስለሚቀዱ መሆኑ ገባኝ። ወዲያው ደግሞ ሌላው ታየኝ። መንደሩ ለጽድቅ ብሎ የራሱን ግድብ እግር ሲቆፍር ኖሯል። የሚቆፍሩበት ዶማ የሚወጋው ከቤታቸው በላይ የቆመውን ነገር ነው።

«አባ ተማም፣ ይሄ ምንጭ አይደለም። የግድቡ ውሃ ነው።»

«ግድቡ ባዶ ነው ስትዪን አልነበረም? ከባዶ ነገር ውሃ ይወጣል?»

የራሴን ቃል ነው የመለሱልኝ፤ ቁፋሮውም ቀጠለ።

ክረምቱ ሲገባ ውሃው አንድ ቀን ይጠራል፣ አንድ ቀን ይደፈርሳል። በሃይላንድ እየቀዳሁ በተከራየሁት ቤት መስኮት ላይ ደረደርኩት። አከራዬ ዘሃራ «ኢንጂነር፣ ይሄ ሁሉ የማን ሽንት ነው?» አለችኝ። አንዱ ጠርሙስ ሲያድር ከሥሩ አፈር ይዘቅጣል፣ ሌላው ንጹሕ ነው። ያ አፈር ዶማው የቀሰቀሰው ነው ወይስ ከግድቡ ሆድ የመጣ? አላውቅም። ከግድቡ ከሆነ ከታች ያሉት ቤቶች አባወራ፣ ልጅ፣ ከብት ሳይሉ መውጣት አለባቸው። ካልሆነና ሰው በከንቱ ካስለቀቅኩ፣ በእውነተኛው ቀን የሚያምነኝ የለም። ፈራሁ። ለአቶ ደምሴ ደወልኩ።

«መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና አያልፍም» አሉኝ። «የሰው እጅ ሳይነካው የወጣ ውሃ እዪ። ያኔም ከደፈረሰ አፈሩ የግድቡ ነው።»

አባ ተማም ዘንድ ሄድኩ። እስከሚቀጥለው ዓርብ ማንም እንዳይቀዳ፣ ማንም እንዳይቆፍር ለመንኳቸው።

«ለውዱእስ? ለሶላት መታጠቢያ ከየት እንቅዳ?»

«ከወንዙ።»

ወንዙ ሩቅ ነው፤ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው አውቃለሁ። «እምነቷ ሌላ ነው፣ ምንጫችንን ልትዘጋ ነው የሚሉ አሉ» አሉኝ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። ግራ ገብቶኛል።»

«እኔም ግራ ገብቶኛል፣ አባ ተማም።»

ይህን ስል ሳቁ። የገባኝ መስዬ ብሄድ ኖሮ ያባርሩኝ የነበረ ይመስለኛል። «ማሎ፣ እባክሽ፣ ሁለታችንም ካላወቅን ይታይ» አሉ። «ወላሂ ራሴ እጠብቀዋለሁ።»

በርጩማና ጃንጥላ ይዘው ምንጩ አጠገብ ተቀመጡ። ሰው ሲመጣ በኦሮምኛ ያናግሩታል፣ ይመለሳል። ሐሙስ ከባድ ዝናብ ጣለ። ግድቡ ሲሞላ ያን ዕለት ነው ያየሁት፤ ያ ባዶ ሜዳ ባሕር ሆነ። ዓርብ ጠዋት ስደርስ ውሃው እንደ ወተት ሻይ ሆኖ ይወርዳል።

«ማንም አልነካውም» አሉኝ አባ ተማም። ጋቢያቸው ረጥቧል። «ወላሂ፣ ማንም።»

በሃይላንድ ቀዳሁ። ድንጋይ ላይ አስቀምጠን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቀስ እያለ ቀይ አፈር ከሥር ዘቀጠ። ጠርሙሱን አነሱና ወደ ብርሃን ያዙት።

«ይሄንን አፈር እኔም ተሸክሜዋለሁ፤ ግድቡ ሲሠራ» አሉ።

እየሮጥኩ ደወልኩ። «እንዳትደፍኚው!» አሉ አቶ ደምሴ። «ከደፈንሽው በሌላ በኩል ይፈነዳል። መጀመሪያ አሸዋ፣ ከላዩ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር። ከታች ያለውን ሰው ደግሞ አሁኑኑ አስወጪ።»

ሴቶችና ሕፃናት ከብቱን ይዘው ከፍ ብሎ ወዳለው ትምህርት ቤት ወጡ። የቀረው ሰው ከቡና መፈልፈያው ጆንያ አምጥቶ ከወንዙ ዳር አሸዋ ሞላ። ጆንያው ሁሉ ምንጩ አጠገብ ደረሰና ቆመ። ያንን ያማረ ጉድጓድ የሚደፍር ጠፋ፤ እኔም አልደፈርኩም። አባ ተማም አሸንዳውን በእጃቸው ነቀሉት። «ቢስሚላህ» ብለው የመጀመሪያውን ጆንያ አሸዋ አፈሰሱበት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ተከተለ፤ ጠጠርና ድንጋይም ከላዩ ተጫነ።

ከሰዓት በኋላ ውሃው ከድንጋዮቹ መሐል መውጣት ጀመረ፤ መጀመሪያ ደፍርሶ፣ ኋላ ሳሳ ብሎ፣ በመጨረሻ ጥርት ብሎ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከትምህርት ቤቱ የተመለሰችው ዘሃራ ጀርባዬን እየመታች «ኢንጂነር፣ አሁን ነው እንዴ የምታለቅሺው?» አለችኝ። መንገዱ ሲደርቅ አቶ ደምሴ ሰዎች ይዘው መጡና የግድቡን ግርጌ እንደገና በወጉ ሠሩት። ግድቡ ዛሬም ቆሟል።

እዚያ ሌላ ብዙ ክረምት ሠራሁ። መለኪያው ከዚያ ወዲህ አላደናገረኝም፤ ሲዘንብ ይጨምራል፣ ሲደርቅ ይቀንሳል፣ ዓርብም እንደ ማንኛውም ቀን ነው። አባ ተማም ዓርብ ዓርብ ባዶ ማንቆርቆሪያ ይዘው፣ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ወደ ወንዙ ሲወርዱ በቦዩ በኩል ያልፋሉ።

«ጠርቷል?» ይሉኛል።

«ጠርቷል፣ አባ ተማም።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ይሄዳሉ። አንድም ቀን ከቦዩ ሲቀዱ አላየኋቸውም።

አሁን አዲስ ቴክኒሽያኖችን ይዤ የምዞረው እኔ ነኝ። የምነግራቸው ይህንን ነው፦ መለኪያው ሲያደናግራችሁ ብረቱን ከማቃናታችሁ በፊት ከብረቱ በላይ ሄዳችሁ ሰው ፈልጉ። ስታገኙትም የማታውቁትን አላውቅም በሉት።