በልጄ ቤት የገቡት ሁለት ፓርቲዎች

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። መካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ተክዬ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚሁ ሥራ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሬዲዮና እጄ የገባ ወረቀት ሁሉ አስተማሩኝ። የሚያርመኝ መምህር ስላልነበረኝ ያነበብኩትን ሁሉ ያወቅኩት ይመስለኛል። ይህን ጠባዬን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የምተርከው ስህተት ከዚሁ ስለተነሳ ነው።

ትልቋ ልጄ አሜሪካ ትኖራለች። ባሏ የአቀስታ ሰው ልጅ ነው። አባትየው ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ልብስ እየጫነ ወደ እኛ ገበያ ይመጣ ነበርና፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠን ብዙ ክረምት አውግተናል። ልጁ የዲቪ ዕጣ ወጥቶለት ሊሄድ ሲል ልጄን ለጋብቻ ጠየቁኝ። እሷ ትምህርቴን ልጨርስ ብላ ነበር፤ ከደግ ቤት የመጣ ሰው አይመለስም ብዬ ያጠበቅኩባት እኔ ነኝ። ስለዚህ ያ ትዳር ቢፈርስ ጥፋቱ ከማንም በፊት የኔ ነው። ይህን ለሌላ ሰው ተናግሬው አላውቅም፣ ግን ሁልጊዜ በልቤ ነበር።

በአሜሪካ ምርጫ ዓመት፣ አንድ ዓርብ ከአስር ሶላት በኋላ ልጄ ደወለች። ድምፅዋ የደከመ ነበር። ስለ ባሏ ስጠይቃት ደህና ነው አለች፤ ቀጥላም ዘንድሮ ዜግነት አግኝተው ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመርጡ እንደሆነ ነገረችኝ። እሱ ሪፐብሊካን ሆኗል፣ እኔ ዴሞክራት ነኝ አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው ልላት ስል መስመሩ ተቆረጠ። ያን ሰሞን ኔትወርክ እንደ ልቡ ነበር፤ ተመልሶ እስኪመጣ ሁለት ቀን ፈጀ።

ለምን እንደ ደነገጥኩ መናገር አለብኝ። እናቴ ሁለት ወንድሞች ነበሯት። ቤታቸው ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በዚያ ክፉ ዘመን፣ አንዱ አንድ ፓርቲ ገባ፣ ሌላው ሌላ። መጀመሪያ ሰላምታ አቆሙ። ቀጥሎ አንዱ ሞተ። እንዴት እንደሞተ ዛሬም አልጽፈውም። በእኛ አገር የሰው ሬሳ የሚነሳው በቅሬ ነው፤ ቅሬ ማለት እስላም ክርስቲያን ሳይል ሰፈሩ በሙሉ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው ከሰው ተራ ወጣ ማለት ነው። በዚያ ቀን ወንድም የወንድሙን ቃሬዛ ሳይሸከም ቀረ፤ ቅሬውም ከዚያ ወዲያ ሁለት ቦታ ተከፈለ። እናቴ በሁለቱ በሮች መሀል መሬት ላይ ተቀምጣ አይቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የፓርቲ ስም እንዳይጠራ ከልክዬ ኖርኩ። ይቺው ልጄ አስረኛ ክፍል ሳለች ፓርቲ ምንድን ነው ብላ ብትጠይቀኝ፣ ሳህኑን አንሺ ብዬ ነው ዝም ያሰኘኋት።

ባለቤቴ መስመሩ ሲመለስ ደውለህ ጠይቃት አለችኝ። እኔ እምቢ አልኩ። የባልና የሚስት ነገር ሲሆን ሽማግሌ የአንዱን ወገን ብቻ አይሰማም፤ የራሱ ልጅ ስትሆን ደግሞ ይልቁንም አይሰማም። ሁለቱም ባሉበት፣ የሁለቱም ወገን ሽማግሌ ተቀምጦ ነው የሚሰማው። ሥርዓቱ ይህ ነው። እሷ ግን በዚህ አልረካችም።

“እኔ የምልህ ልጅህን እንድትጠይቃት ነው፤ አንተ ችሎት ታቆማለህ” አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

በነዚያ ቀናት እጄ ከኔ ጋር አልነበረም። የአንድ የሥነ ዜጋ መምህር ሱሪ ሳሳጥር የቀኙን እግር ከልኩ አራት ጣት አሳጥሬ ቆረጥኩት። መምህሩ ሰኞ ሊወስድ ሲመጣ ዘርግቶ አየውና፣ “ጋሼ፣ እኔ እኮ የማነክስ ሰው አይደለሁም” አለኝ። አፍሬ እውነቱን ነገርኩት። አልሳቀም። ለደንበኛ መቀመጫ ያኖርኩትን ዱካ ስቦ ተቀመጠና፣ ዳኛ ሊሆኑ ከሆነ ክሱን ማወቅ አለብዎ አለ። እኔም ቁጭ ብዬ ደብተር አወጣሁ። በግራው ገጽ የልጄን ፓርቲ፣ በቀኙ የባሏን፣ ከሥር ደግሞ “ፍርድ” ብዬ ቦታ ተውኩ።

እንደ መምህሩ አባባል ሁለቱም በአንድ ሕገ መንግሥት ያምናሉ፣ ሁለቱም ነፃነት ይላሉ። የሚለያዩት ከሁሉ በፊት መንግሥት በሰው ኑሮ ውስጥ ምን ያህል ይግባ በሚለው ነው። ዴሞክራቶቹ፣ የታመመ እንዲታከም፣ ድሃ እንዲማር፣ የደከመ እንዲደገፍ መንግሥት እጁን ይዘርጋ፤ ለዚህም ብዙ ያለው ብዙ ግብር ይክፈል ይላሉ። ሪፐብሊካኖቹ፣ ሰው የላቡን ራሱ ቢይዘው ይሻላል፣ ግብር ይቀነስ፣ ነጋዴ በደንብ ብዛት አይታሰር፣ ከዋና ከተማው ይልቅ እያንዳንዱ ክልል ለራሱ ይወስን ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ጠመንጃ አለ፤ ግራዎቹ ቁጥጥሩ ይጥበቅ ሲሉ ቀኞቹ መብታችን ነው ይላሉ። ፅንስ ማቋረጥ አለ፤ ግራዎቹ ለሴቲቱ ውሳኔ ይተው ሲሉ ቀኞቹ አብዛኞቹ ይቃወማሉ። የድንበርና የስደተኛ ጉዳይ አለ፤ ቀኞቹ በሩ ይጥበቅ ሲሉ ግራዎቹ ገብቶ ለሚኖረው መንገድ ይፈለግለት ይላሉ። የአየር ንብረትም አለ። ምልክታቸው የዴሞክራቶቹ አህያ፣ የሪፐብሊካኖቹ ዝሆን ነው። በየፓርቲው ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት እንደማያስብ አስጠነቀቀኝ።

ሊነሳ ሲል፣ እዚያ ለብዙው ሰው ፓርቲ ይህን ያህል የሚያስር ነገር አይደለም፣ መዋጮ የለው፣ ስም ጥሪ የለው፤ ድምፁንም ብቻውን ተከልሎ ይሰጣል፣ ዘንድሮ ለአንዱ የሰጠ ከርሞ ለሌላው ቢሰጥ ጠያቂ የለውም አለኝ። ይህን አልጻፍኩትም። ከክሱ ውጭ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞና ረቡዕ ደብተሩን ስመረምር ቆየሁ። የፈለግኩት አጥፊውን ነው፤ ሽማግሌ አጥፊውን ሳይለይ አያስታርቅም። ግን ሳነበው ራሴን ሁለቱም ገጽ ላይ አገኘሁት። ግብር ገማቾች በረንዳዬ ላይ ቆመው አንዲት የስፌት መኪናዬን እንደ ፋብሪካ ሲያዩዋት ትዝ ሲለኝ ከቀኙ ገጽ ጋር ተስማማሁ። ባለቤቴ ደሴ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ስትደረግ በጤና መድን ደብተር እንደታከመች ሳስብ ወደ ግራው ዞርኩ። በፅንሱ ጉዳይ ሃይማኖቴ ወደ ቀኝ ወሰደኝ። ጠመንጃ በየቤቱ ሲገባ የሚያመጣውን አይቻለሁና በዚያ ግራ ነኝ። የድንበሩን ነገር መፍረድ አቃተኝ፤ አገር የሚገባበትን ሰው የመቁጠር መብት አለው፣ ልጄም የገባችው ክፍት ሆኖ ባገኘችው በር ነው። ልጆቼን በአንድ ነገር ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ወላዋይ አትሁኑ እላለሁ። አሁን ግን ሰው በጥያቄው ሁሉ ከአንድ ወገን ብቻ ከቆመ ምናልባት ጥያቄዎቹን አላያቸውም ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ ማለዳ በሚኒባስ አቀስታ ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይገባል። የልጁ አባት ባናውን ተከናንቦ ተቀበለኝ። ነገሩን ሳወራለት እሱም ከኔ ባልተናነሰ ደነገጠ፤ ልጄን ምን ነክቶት ነው አለ። ደብተሬን ከፍቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት። ምልክቱ ላይ ስደርስ አስቆመኝ።

“የኔ ልጅ የትኛው ጋር ነው?”

“ዝሆኑ ጋር።”

“እና ያቺን የመሰለች ልጅ አህያ ሥር ምን አስገባት?”

ይህ አናደደኝ። “አንቱ ገበያ የሚወርዱት በዝሆን ነው እንዴ?” አልኩት።

ከዚያ በኋላ የመጣንበትን ረሳን። እሱ ድሃውን ሁሉ መንግሥት ከደገፈ ማን ያርሳል አለ። እኔ ያልታከመ ሰው እንዴት ያርሳል አልኩ። ወደ ግብሩ ስንመጣ ግን እኔ በልጁ ወገን ሆንኩና እሱ መንገዱ በምን ይሠራ ነበር ብሎ ተቃወመኝ። ድምፃችን ውጭ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ከዓረብ አገር ከተመለሰች ዓመት ያልሞላት ሴት ልጁ ስልኳን ይዛ ገባችና ሁለታችንን አየችን።

“ለእናንተም ሽማግሌ ሳይፈለግ አይቀርም” አለች።

ስልኩን ስኳር ጣሳ ላይ አስደግፋ በምስል ደወለችልን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ እነሱ ጋ ጠዋት ነው። ሁለቱም ማድቤታቸው ውስጥ ታዩን። እሱ ትልቅ መኪና ነጂ ነው፤ የሥራ ጃኬቱን ለብሷል። እሷ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ተረኛ ሆና አድራ ገና መግባቷ ነበር። እኔ አጭር ዱዓ አደረግሁ። ከዚያ ሁለታችሁም በየተራ ትናገራላችሁ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም አልኩ። መጀመሪያ አማቼን፣ ልጄ ምን በድላሃለች ብዬ ጠየቅኩት።

ዞር ብሎ እሷን አያት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፤ ኋላ እንደነገረኝ ሰው ሞቶ ልናረዳቸው የተቀመጥን መስሎት ነበር።

ቀድሞ የገባት ልጄን ነው። “አባ፣ እኛን ልታስታርቁ ነው የተቀመጣችሁት? ለምርጫው?” አለችና መሳቅ ጀመረች። ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። ከዚያ የኔን ፊት ስታይ ሳቋ ቆመ። የአጎቶቼን ነገር ከእናቷ ሰምታው ኖሯል።

“አባ፣ እዚህ ፓርቲ እንደ ቅሬ አይደለም” አለችኝ ቀስ ብላ። “ስሞት ማን እንደሚሸከመኝ የሚወስነው ፓርቲው አይደለም።”

ባሏ ቀጠለ። ልጁ ውሸት አያውቅም፤ ያን ቀንም አልዋሸም። በሕክምናው ጉዳይ ተከራክረው አንዴ ሁለት ቀን ተኮራርፈው እንደነበር ተናገረ። እሱ ነዳጅና ግብር አስልቶ ፓርቲውን መርጧል፤ እሷ ስታስታምማቸው የምትውላቸውን አሮጊቶች አስባ። አባቱ ታዲያ ማን አስታረቃችሁ ሲለው ፈገግ አለ።

“በሦስተኛው ቀን ከመንገድ ስገባ ወገቤ አልንቀሳቀስ አለ” አለ። “ቁጭ ብላ በቅባት አሸችኝ። ስታሸኝ ድምፅህን ለማን ነው የምትሰጠው አላለችኝም።”

በምርጫው ቀን በአንድ መኪና አብረው ሊሄዱ ተስማምተዋል። የእሷ ድምፅ የእሱን ስለሚያጣፋው ቤት ተኝተን ብንውል ያው ነው እያሉ ይቀልዳሉ አሉ። የልጁ አባት ባናውን አውልቆ አልሃምዱሊላህ አለ። እኔ ደብተሬን ዘጋሁ። ደረቴ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ተጭኖኝ የቆየው ነገር ሲነሳ ተሰማኝ።

ልትዘጋ ስትል ልጄ አንድ ነገር ጨመረች። “ያን ዕለት መስመሩ ባይቆረጥም አላብራራልዎም ነበር። አንቱ ፊት ፓርቲ የሚለውን ቃል ስጠራ እስካሁን እፈራለሁ።”

እኔ ልጆቼን ከደም ልጠብቅ ብዬ ዝም አሰኘኋቸው። ዝምታው አሜሪካ ድረስ ተከትሏት ሄዶ፣ ለአባቷ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳትናገር ከልክሏታል። ይህን ለናንተ ለአባቶች የምጽፈው ልመክራችሁ ብቻ አይደለም፤ ያጠፋሁ ሰው ስለሆንኩ ነው። ልጅህ የሚያስፈራህን ነገር ሲጠይቅህ ሳህን አታስነሳው። በዚያ ቀን ይቅር በይኝ አልኳት፤ በአማቼና በአባቱ ፊት ነው ያልኳት። እሷም አባ ተዉ አለችና ፊቷን አዞረች።

ያን ቀን አቀስታ አደርኩ። የቀረበልኝን ድንች በሚጥሚጣ አንድ ሳላስቀር በላሁ፤ በሳምንቱ ውስጥ ጠግቤ የበላሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በማግሥቱ ከሚኒባሱ በፊት ከአንድ ጨርቅ ቤት ለመምህሩ ላበላሸሁበት ሱሪ ምትክ የሚሆን ግራጫ ጨርቅ አስቆረጥኩ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ከፊቴ አነበበችው። ደውለህ ጠይቃት ያልኩህ ለዚህ ነበር ብላ ስትስቅብኝ፣ ልክ ነሽ አልኳት። ይህን ቃል ከኔ አፍ ስለማትሰማው ደግመህ በለው አለችኝ።

መምህሩ አዲሱን ሱሪ ሊለካ ሲመጣ ለማን ፈረዱ አለኝ። ደብተሩን ሰጠሁት። “ፍርድ” ከሚለው ሥር ባዶ ነበር። የሚታረቅ አላገኘሁም አልኩት። ከዚያ ያን ቀን ሊነሳ ሲል ስለ ፓርቲውና ስለ ድምፅ አሰጣጡ የነገረኝንና ከክሱ ውጭ መስሎኝ ያልጻፍኩትን እንዲደግምልኝ ለመንኩት። እሱ ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ሱሪውን እየሞከረ ደገመልኝ፣ እኔም ባዶው ቦታ ላይ ጻፍኩት። ስጨርስ ሜትሬን አንስቼ ሁለቱንም እግር ለካሁ። ደግሜም ለካሁ።