የአይ ዘይነባ ካሴት ወደ ሐረር ሲመለስ

ማለዳ፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር

ሚኒባሱ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ ጆሮዬ ይደፈናል። ድሮም እንዲሁ ነበር። ከታች ወበቅ፣ ከላይ ጭጋግ፣ መንገድ ዳር የጫት እስርና የድንች ኩንታል። ወጣት መምህር ሆኜ ሐረር የተመደብኩ ጊዜ ይህን ዳገት ስወጣ የነበረኝ ሆደ ባሻነት ዛሬም አለ፤ ያኔ የተውኩት ቤቴን ነበር፣ አሁን የምናፍቀው ሐረርን ነው።

«ለዘመድ ነው ለሥራ?» አለኝ ሹፌሩ።

«ድምፅ ላስፈቅድ።»

«የማን?»

«የአንዲት እናት። ካረፉ ቆይተዋል።»

ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገልኝ።

አይ ዘይነባ ጀጎል ግንብ ውስጥ ልጃገረዶችን ሰብስበው የሰንደዶ ስፌት ያስተምሩ ነበር። «አይ» በሐረሪ እናት ማለት ነው። ለጥናት ወሬያቸውን ልቅረጽ ብዬ ስጠይቃቸው ወንድ እዚያ ክፍል እንደማይቀመጥ ነግረውኝ፣ ቴፑን ብቻ ተቀበሉኝ። አስቀምጬው ወጣሁ፣ ከሰዓት መጥቼ ወሰድኩት። ሐረሪ ስለማልችል ምን እንደተባለ ሳላውቅ ኖርኩ። አሁን ካሴቱ ወደ ፋይል ተቀይሯል። ማንም ተመራማሪ ያለ ክፍያ የሚያዳምጥበት፣ እኔ ባልፍም ፋይሉ በቋሚ አድራሻ የሚጠበቅበት ክፍት የመረጃ ማኅደር ሊቀበለኝ ተስማምቷል። የሚቀረው የባለቤቶቹ ፈቃድ ነው።

ረፋድ፣ ፈረስ መጋላ

አደባባዩ ላይ የባትሪ ድንጋይ እገዛበት የነበረው ሱቅ አሁን ሞባይል ይሸጣል። ባጃጁ፣ ጥሩንባው፣ የሳንቡሳው ዘይት ሽታ። የአይ ዘይነባ ልጅ ኑሪያ ከሩቅ ለየችኝ።

«መምህር፣ ሸበቱ እኮ!»

እሷም የእናቷን ፊት ይዛለች፤ ሳያት ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቤታቸው ገብተን ቀዩ መደብ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ግድግዳው እንደ ድሮው በስፌት ተሸፍኗል። ድምፁን ከፈትኩ። ኑሪያ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ መሐረቧን ፊቷ ላይ አደረገች። ድንገት እጇን ዘርግታ አጠፋችው።

«ይኼንን ይቁረጡልኝ።»

«ምን አሉ?»

«ፋጡማ ለአማቷ የሰጠችውን ስፌት እናቴ ጠማማ ነው እያለች ነው። ተማሪዬ ናት ለማለት አፈርኩ አለች። ወላሂ፣ ይህ ወሬ ሄዶላት ነው ፋጡማ ከቤታችን እግሯን ያነሳችው።»

እዚህ ሙሽራ ለአማቷ የምትሰጠው ስፌት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የገባ ሁሉ ያየዋል። ነገሩ ገባኝ። መቁረጡ ቀላል ነበር፤ ግን የተሰደበችው ሴት በሕይወት አለች። ሳልጠይቃት መክፈትም መቁረጥም አልሆንልህ አለኝ። ብትከለክል ካሴቱ እንደተዘጋ ይቀራል፣ የአይ ዘይነባም ድምፅ ከኔ ጋር ያልፋል።

ከሰዓት፣ አቦከር

ቤታቸው ስንደርስ ወይዘሮ ፋጡማ ለኑሪያ የሰጧት ሰላምታ ቀዝቃዛ ነበር። የመጣንበትን ስነግራቸው ግን፣ «ልስማው» አሉ።

ከፈትኩት። ኑሪያ ምንጣፉን ታያለች። ስድቡ መጣ፤ ወይዘሮ ፋጡማ ፊታቸው ጠቆረ። ላጠፋው ስል እጄን ያዙኝ። የአይ ዘይነባ ድምፅ ዝግ ብሎ ቀጠለ። ኑሪያ ቀና አለች።

«ሱብሃነላህ» አሉ ወይዘሮ ፋጡማ። ወደኔ ዞረው ተረጎሙልኝ። «‹ጥፋቱ ግን የኔ ነው› ይላሉ። ‹ሠርጉ ደረሰ ብዬ አጣደፍኳት። ከሁላችሁም የምወደው የሷን እጅ ነው።›»

ኑሪያ ተነስታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ለኔ የደረሰኝ ግማሹ ነው» አሉ። «ሲታመሙ እንኳ አልጠየቅኳቸውም።»

«እትዬ ፋጡማ፣ እኔም ይህን አልሰማሁትም ነበር። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

«ስድቡ ይቆረጥ?» አልኩ።

«ኧረ አይቆረጥ። ያለሱ ያኛው አይገባም። ስሜንም ጻፉት።»

አመሻሽ፣ ፈረስ መጋላ

ኑሪያ እዚያው ቀረች፤ ብቻዬን ተመለስኩ። ካፌ ውስጥ ፋይሉን ወደ ማኅደሩ ስጭን ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አሰቃየኝ። ማኅደሩ ከድምፁ የተቆረጠ ክፍል ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ፤ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ፋይሉ ሲከፈት አድራሻውን ለኑሪያ ላኩላት። ሻዬን ሳልጨርስ ስልኬ ጠራ፤ ወይዘሮ ፋጡማ ናቸው። ከኋላቸው የአይ ዘይነባ ድምፅ ይሰማል።

«መምህር፣ ያኔ ወሬውን ያመጡልኝ ሁለቱም ጎረቤቶቼ ናቸው። አስጠርቻቸው እዚህ ተቀምጠዋል። ዛሬ እስከ መጨረሻው ሳይሰሙ አይነሱም።»