የሰይድ መጽሐፍ

ትናንት አሶሳ ገበያ፣ ነጋዴው አዲስ አቡጀዲ ሲቀድ ሽታው አፍንጫዬን መታኝና እማማ ዘሃራ ትዝ አሉኝ።

እማማ ዘሃራ ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ነበሩ፤ የበርታ ሴት። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ከተወለደ ጀምሮ ዓይኑ አያይም። እኔ ጮክ ብዬ ሳነብ መጽሐፌን ይቀማኝና ገጹን በመዳፉ ይዳብሳል። «ምንም የለውም እኮ!» ብሎ ያለቀሰ ዕለት እማማ ዘሃራ ከአጥሩ ማዶ ሰሙት።

«አንተ፣ ና!» ብለው ጠሩኝ። በእሳቸው አማርኛ ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነበር። «ፍየል ቆዳ አምጣ። ሰሊጥም አምጣ።»

ከቤታቸው አዲስ አቡጀዲ አውጥተው በገጽ በገጽ ቆረጡት። አንዱ ላይ ጸጉራም የፍየል ቆዳ ሰፉ፣ ሌላው ላይ እንደ አጥራችን የተደረደረ ስንጥር ቀርከሃ፣ ቀጥሎ በስስ ጨርቅ የተቋጠረ ሰሊጥ። መጨረሻው ላይ የእናቴን አሮጌ ሻሽ ጫፍ አደረጉ።

«እማማ፣ ፊደል የሌለው መጽሐፍ ይነበባል?» አልኳቸው።

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «አንተ ዓይን ያነባል፤ እሱ ጣት ያነባል። ኢንሻላህ ያነባል።»

ሰይድ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ገጾቹን አንድ በአንድ ዳበሰ። ሻሹ ጋ ሲደርስ ጉንጩን አስጠጋበት። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰ።

«ቁጭ በይ፣ ላንብብልሽ» አለኝ። «አንዲት ፍየል ነበረች። አጥራችንን ጥሳ ገባችና ሰሊጡን በላችው። እናታችን መጣች...»

እማማ ዘሃራ ካረፉ ቆዩ፤ ሰይድም ዛሬ ሌላ ከተማ ይኖራል። እናታችን ያቺን ፍየል ምን እንዳደረገቻት ግን ባነበበ ቁጥር ይቀያይረው ስለነበር፣ እስካሁን አላወቅኩም።